ካናዳ ከመሙላታችሁ በፊት ነጥባችሁን ቁጠሩ

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ቁጭ ብለን አሳ እየበላን፣ ጓደኛዬ ድንገት «ካናዳ ሞላሁ እኮ» አለኝ። እሰይ አልኩት። ስንት አስከፈሉህ ስለው ቁጥሩን ነገረኝና አሳው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የሦስት ወር ደመወዙ ነው።

«ነጥብህስ ስንት ሆነ?»

«እሱን እነሱ ናቸው የሚያውቁት።»

እነሱ የሚላቸው አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ግድግዳው ላይ የካናዳ ባንዲራ ለጥፈው «ፕሮሰስ እናደርጋለን» የሚሉ ሰዎች ናቸው። ከአስተናጋጇ እስክሪብቶ ተቀበልኩና የሂሳቡ ወረቀት ጀርባ ላይ ካናዳ ለእንግሊዝኛ፣ ለትምህርት፣ ለልምድና ለዕድሜ የምትሰጠውን ነጥብ አብረን ደመርን። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። 62 መጣ። ማለፊያው 67 ነው።

ብሩን ከፍሏል፣ ለእናቱ ሳይቀር ነግሯል፣ ግን ከመጀመሪያው በር አያልፍም። ደግነቱ 62 ከፍ ሊል የሚችል ቁጥር ነው። እንዴት ከፍ እንደሚል የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ምክንያቱም በዚህ ሰሞን ሐዋሳ ውስጥ ይሄን ጥያቄ ያልጠየቀኝ የባጃጅ ሹፌር ብቻ ነው። እሱም አንድ ቀን ጠይቆኛል።

መጀመሪያ ዲቪን ከጭንቅላታችሁ አውጡት። ዲቪ ዕጣ ነው፤ ትሞላለህ፣ ትጸልያለህ፣ ትጠብቃለህ። የነጥብ ቪዛ ዕጣ የለውም። ሰንጠረዡ የካናዳ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል፣ ማስሊያውም እዚያው አለ፣ ነጻ ነው። ስለዚህ ውጤታችሁን ከማንም ደላላ በፊት ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። አውስትራሊያም በነጥብ ትወስዳለች፤ እዚያ መነሻው 65 ነው፣ ዕድሜ ከ45 በታች መሆን አለበት፣ ሙያችሁን ደግሞ አስቀድሞ የዚያው አገር ገምጋሚ አካል ማጽደቅ አለበት። እዚህ የማነሳቸው ቁጥሮች ግን የካናዳ ናቸው፤ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነውና።

ሥርዓቱ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2015 ጀምሮ ነው የሚሠራው። ካናዳ ሠርቶ የማያውቅ፣ እዚህ ዲግሪ ይዞ እዚህ የሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በፌዴራል የባለሙያ ፕሮግራም በኩል ነው። ሁለት በር አለው። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን አንድ እያደረገ ነው። የመጀመሪያው በር ከ100 ነው፦ ቋንቋ 28፣ ትምህርት 25፣ የሥራ ልምድ 15፣ ዕድሜ 12፣ የተዘጋጀ ሥራ 10፣ ካናዳ ለመላመድ የሚያግዙ ነገሮች 10። እዚህ 67 ካመጣችሁ ወደ መጠበቂያው ዝርዝር ትገባላችሁ። ሁለተኛው በር ከ1,200 ነው፤ ሲ አር ኤስ ይሉታል። እዚያ ከሌላው ሕዝብ ጋር ትወዳደራላችሁ፣ በየጊዜው ከላይ ያሉትን እየቆረጡ ይጋብዛሉ።

ጓደኛዬ 29 ዓመቱ ነው፣ አላገባም፣ በአካውንቲንግ ዲግሪ አለው፣ አራት ዓመት ሠርቷል። አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና አልተፈተነም፤ በአራቱም ክፍል፣ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር፣ «ስድስት ስድስት አላጣም» ስላለኝ በዚያ ያዝኩለት። ቋንቋ 16፣ ዲግሪ 21፣ ልምድ 13፣ ዕድሜ 12። 62።

«ልምድ ልጨምራ!» አለኝ። ሁላችንም መጀመሪያ የምንለው ይሄንኑ ነው። አየነው። ስድስት ዓመት ሲሞላው ልምዱ 15 ይሆናል። ሁለት ዓመት ቢሮ ተቀምጦ ሁለት ነጥብ፤ ድምሩ 64፣ አሁንም ውጭ። እንግሊዝኛው በአራቱም ክፍል አንድ ደረጃ ቢጨምርስ? 66። እዚህ ጋ ሁለታችንም ሳቅን፤ አንድ ነጥብ! ሁለት ደረጃ ቢጨምር ግን 70፣ ገባ። ስለዚህ እንግሊዝኛው ነው፤ ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስለ እንግሊዝኛው ዘርዘር ላድርገው። የምትፈተኑት አይልትስ ከሆነ ጄኔራል ትሬኒንግ የሚለውን ነው የምትመዘገቡት፣ አካዳሚክ የሚለውን አይደለም። አካዳሚኩ ለዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተፈትናችሁ ጥሩ ብታመጡም ለዚህ አይቀበሉትም። ከአንድም ሁለት ሰው በዚህ ብሩን ሲያቃጥል አይቻለሁ። ካናዳ ውጤቱን ሲ ኤል ቢ ወደሚባል የራሷ ደረጃ ትቀይረዋለች። በአራቱም ክፍል 6 ማለት ደረጃ 7 ማለት ነው፣ ይሄ ዝቅተኛው መግቢያ ነው። አንዱ ክፍል ላይ 5.5 ካመጣችሁ ሌሎቹ 8 ቢሆኑም አይጠቅማችሁም። ደረጃ 8 ማዳመጥ 7.5፣ ሌሎቹ ሦስቱ 6.5 ነው። ደረጃ 9 ደግሞ ማዳመጥ 8፣ ማንበብ 7፣ መጻፍ 7፣ መናገር 7።

ይቺን ደረጃ 9 ግድግዳችሁ ላይ ጻፏት። ሁለተኛው በር ላይ ቋንቋ ለብቻው አይቆጠርም፣ ከዲግሪያችሁና ከልምዳችሁ ጋር ተጣምሮ እንደገና ይቆጠራል። የጓደኛዬን ብንወስድ፣ ደረጃ 7 ይዞ ወደ ውድድሩ ቢገባ ኖሮ ጠቅላላው 336 ነበር። ደረጃ 9 ሲያመጣ 429 ይሆናል። ሌላ ምንም ሳይቀየር፣ ያው ዲግሪ፣ ያው ልምድ፣ ያው ሰውዬ፣ 93 ነጥብ።

እኔ መጀመሪያ የተፈተንኩ ጊዜ መጻፍ ላይ 6 አመጣሁ። ተናደድኩ፤ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የክፍሉን አሳይመንት ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። በኋላ ሲገባኝ ችግሩ የሰዋስው አልነበረም። እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዚያ የአክብሮት መግቢያ፣ ከዚያ ዙሪያ ጥምጥም፣ ጉዳዩ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ፈተናው ላይ የመጀመሪያው ጽሑፍ ደብዳቤ ነው፣ ቢያንስ 150 ቃል፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ፤ የተሰጧችሁን ሦስት ነጥቦች በሙሉ መልሳችሁ እንደሆነ ነው የሚያዩት። ሁለተኛው ቢያንስ 250 ቃል ነው፣ አርባ ደቂቃ ገደማ፣ ክብደቱም የመጀመሪያው እጥፍ ነው። እኔ በደብዳቤው ስቀናጣ ዋናውን ጽሑፍ ሳልጨርስ ሰዓቱ አለቀ። ሁለተኛ ጊዜ ትልቁን ቀድሜ ጻፍኩ። ልምምድ ስታደርጉም ሰዓት ይዛችሁ ጻፉ፣ ከዚያ የሚያርምላችሁ ሰው ፈልጉ። ያለ አራሚ መቶ ጽሑፍ መጻፍ ስህተቱን መቶ ጊዜ መለማመድ ነው።

ማዳመጡ ደግሞ ቀላል መስሎ የሚያታልል ነው። አርባ ጥያቄ ነው፣ ድምፁ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ 8 ለማምጣት ወደ 35 ያህሉን ማግኘት አለባችሁ። እኔ ሁለተኛው ፈተና ላይ መጻፉን 7 አድርጌ ማዳመጥ ላይ 7.5 አመጣሁና ደረጃ 9 በግማሽ አመለጠችኝ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ማታ ማታ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስሄድ ጆሮዬ ላይ የነበረው የእንግሊዝና የአውስትራሊያ ሬዲዮ ነው፤ የአሜሪካ ፊልም ብቻ የለመደ ጆሮ የእንግሊዞቹ ቁጥርና ስም አጠራር ላይ ይወድቃል። አንድ የሆሄያት ስህተት አንድ ጥያቄ ነው። ብዙ ቁጥር መጨረሻው ላይ የሚመጣውን ኤስ መርሳትም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ተሳካ። ሦስት ጊዜ መፈተን አያሳፍርም፣ ኪስ ግን ይጎዳል፤ ስለዚህ የሙከራ ፈተና ላይ በተደጋጋሚ ሳታመጡት አትመዝገቡ። ደግሞ ውጤቱ የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው፤ ዲግሪና ልምድ ሳይኖራችሁ ቀድማችሁ ብትፈተኑ ዝም ብሎ ይቃጠላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ያለውን ነጥብ የሚያጣው።

የሥራ ልምድ ደብዳቤያችንን ታውቁታላችሁ። እኔና ጓደኛዬ አንድ ድርጅት ነበር የሠራነው፣ የኔም እንደ ሁሉም ነበር፦ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በአካውንታንትነት፣ በወር ይህን ያህል ብር ደመወዝ እየተከፈላቸው ሲሠሩ የቆዩ መሆኑን፣ የሥራ ግብርም ሲቆረጥ የነበረ መሆኑን እንገልጻለን። ማህተም። በቃ። ለአገር ውስጥ ሥራ ይበቃል። ለካናዳ ግን ዋናው ነገር የለበትም፦ ምን ትሠሩ ነበር? በሳምንት ስንት ሰዓት? ደብዳቤው የሥራ መደቡን፣ ዝርዝር ተግባሩን፣ የሳምንት ሰዓቱን፣ ደመወዝና ጥቅማጥቅሙን፣ የጀመራችሁበትንና የለቀቃችሁበትን ቀን፣ የድርጅቱን አድራሻ፣ የፈረመውን ኃላፊ ስምና ማዕረግ መያዝ አለበት።

የሰው ኃይል ክፍሉ ምን አለኝ መሰላችሁ? «እንዲህ ዓይነት ቅጽ የለንም።» ሁለት ሳምንት ተመላለስኩ። በሦስተኛው ሳምንት ብልጥ ሆኜ ረቂቁን ራሴ ጽፌ በፍላሽ ይዤ ሄድኩ፣ የሠራሁትን ሥራ ብቻ፣ በስምንት መስመር። አለቃዬ አነበበው፣ አንዱን መስመር አስተካከለ፣ ታተመ፣ ተፈረመ። ሃያ ደቂቃ። ስለዚህ ባዶ እጃችሁን ሄዳችሁ «ደብዳቤ ጻፉልኝ» አትበሉ፤ ጽፋችሁ ሂዱ። ጨርሶ እምቢ ካሉ የተለመደውን ደብዳቤ ተቀበሉ፣ ከቅርብ አለቃችሁ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ጨምሩበት፣ የቅጥር ውላችሁንና የደመወዝ መክፈያውን አያይዙ፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነም በአጭሩ አስረዱ። አሁን ሥራ ላይ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ከአለቃችሁ ጋር ሳትጣሉ አስጽፉት። ከተጣላችሁ በኋላ ያለውን እኔ አልነግራችሁም።

ካናዳ ሥራን ሁሉ በቁጥር መድባዋለች፤ ኖክ ይባላል። መደቦቹ ከ0 እስከ 5 ደረጃ አላቸው፣ ለዚህ ፕሮግራም የሚቆጠሩት ከ0 እስከ 3 ያሉት ናቸው። ሂሳብ ሥራን ብቻ እንይ። ኦዲተርና አካውንታንት 11100 ነው፣ ደረጃ 1። መዝገብ የሚይዝ የሂሳብ ቴክኒሽያን 12200 ነው፣ ደረጃ 2። የሂሳብ ክለርክ 14200 ነው፣ ደረጃ 4፤ ይሄ አይቆጠርም። እንግዲህ አስቡት፣ ደብዳቤው ላይ «የሂሳብ ሠራተኛ» ይላል፣ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ተርጓሚ «አካውንትስ ክለርክ» ብሎ ይተረጉመዋል፣ አራት ዓመት ሪፖርት ያዘጋጀ ሰው በአንድ ቃል ዜሮ ዓመት ይሆናል። የሚያዩት በዋናነት ተግባሩን ነው፣ ግን የመደቡ ስም ሲቃረን ጥርጣሬ ትጋብዛላችሁ። የኖኩን ገጽ ራሳችሁ ክፈቱና ከሥራችሁ ጋር አስተያዩ። ቃል በቃል ግን አትገልብጡት፤ መርማሪው ያንን ገጽ ከናንተ በላይ ያውቀዋል።

ልምዱ የተከፈለበት መሆን አለበት፤ ያለ ክፍያ የሠራችሁት አፓረንትሺፕ አይገባም። ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ፣ በአንድ የሥራ ዓይነት፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይቋረጥ፣ በሳምንት 30 ሰዓት፣ ወይም በከፊል ጊዜ ሥራ ተደማምሮ ያንኑ ያህል ሰዓት የሚሞላ።

የቀን ነገርም አለ። የኛ ደብዳቤ «ከመስከረም 2012 ጀምሮ» ይላል። ተርጓሚው ወሩን ቀይሮ ዓመቱን ሳይነካው እንደ ፈረንጅ 2012 ያስቀምጠዋል። ትክክለኛው 2019 ነው። ሰባት ዓመት ልምድ በነጻ! ደስ አይበላችሁ፤ የባንክ ስቴትመንቱ፣ የምረቃ ቀኑና ደብዳቤው ሲጋጩ ውሸታም የምትባሉት እናንተ እንጂ ተርጓሚው አይደለም። የልደት ቀንም እንዲሁ።

የትምህርት ማስረጃው ካናዳ ውስጥ ካለው ጋር ተነጻጽሮ መገምገም አለበት። ከሚገመግሙት አንዱ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ዌስ ነው፣ ሪፖርቱ አምስት ዓመት ያገለግላል። የኛ አገር መያዣው ሌላ ነው፤ ኮስት ሼሪንግ። ያልከፈለ ሰው እጅ ላይ ያለው ቴምፖራሪ ነው፣ ኦሪጅናሉን ዲግሪና የሚላከውን ትራንስክሪፕት ለማግኘት ዕዳው መዘጋት አለበት። ይሄን መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ጨርሱት፣ ሬጅስትራር ቢሮ ወረፋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስማችሁንም አስተያዩ። ፓስፖርቱ ላይ እስከ አያት፣ ዲግሪው ላይ እስከ አባት፣ ባንኩ ላይ በአንድ ኤል፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ በሁለት ኤል፤ እኛ ለምደነዋል፣ እነሱ ግን ሁለት ሰው ነው የሚመስላቸው። አንድ ሰው መሆናችሁን የሚገልጽ ማረጋገጫ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

እዚህ ጋ ነው የጓደኛዬ ፊት የበራው። «ዲግሪ ብቻ ነው ያለህ?» አልኩት። «አዎ... ሌቨል አራት ነበረኝ በፊት፣ ቴክኒክና ሙያ። እሱማ ምን ያደርጋል?» ምን ያደርጋል! ዲግሪ ከያዘ በኋላ አፍሮበት መሳቢያ ውስጥ የጣለው ወረቀት ነው። ሁለቱም ከተገመገሙና ዲፕሎማው ቢያንስ እንደ አንድ ዓመት የካናዳ ትምህርት ከተቆጠረለት፣ ሁለት ማስረጃ ያለው ሰው ይባላል። የመጀመሪያው በር ላይ ከ21 ወደ 22 ያድጋል። አንድ ነጥብ፣ አዎ፣ ግን ያቺ የጎደለችው አንድ ነጥብ ናት፦ እንግሊዝኛው ደረጃ 8 ብቻ ቢሆን እንኳ 67። ሁለተኛው በር ላይ ደግሞ ደረጃ 9 ካለው 33 ነጥብ ይጨምርለታል፤ 429 የነበረው 462 ይሆናል። በማታ እየተማራችሁ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ የወጣችሁ ሰዎች፣ ዛሬ ማታ መሳቢያችሁን ፈትሹ። ማስተርስም ይጨምራል፣ ከዲግሪ ጋር ሲነጻጸር ደረጃ 9 ላለው 40 ነጥብ፤ ለነጥቡ ብላችሁ ብቻ ሁለት ዓመት አትማሩ ግን፣ በዚያ ጊዜ ዕድሜ ይሄዳል።

ዕድሜ ላይ ብዙ የምለው የለም። ሁለተኛው በር ላይ ከ20 እስከ 29 ሙሉ ነው፣ ያላገባ ሰው 110 ያገኛል። ከ30 ጀምሮ በየልደቱ አምስት ስድስት ነጥብ ይወርዳል፣ 40 ላይ 50 ይደርሳል፣ 45 ላይ ዜሮ።

ያገባችሁ ግን አንድ ነገር ስሙኝ። ዋና አመልካቹ አባወራው መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም። ጎረቤቶቼ፣ እሱ መሐንዲስ 38 ዓመቱ፣ እሷ ነርስ 30 ዓመቷ፣ ሁለት ዓመት በሱ ስም ሲለፉ ኖሩ። አንድ ቀን ቡና ላይ ገልብጠን በሷ ስም ስናሰላው በዕድሜ ብቻ 40 ነጥብ በለጠችው። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለተመረጡ ሙያዎች ለብቻ ትጋብዛለች፣ ጤና ከነሱ አንዱ ነው። እሱ ትንሽ ከፍቶት ነበር፤ አሁን የአይልትስ ክፍያዋን የሚከፍለው እሱ ነው። ሁለታችሁንም አስሉ፣ የሚበልጠው ይቅደም። ደግሞ በሽማግሌ ተጋብታችሁ፣ ወልዳችሁ፣ ወረቀት ስለሌለ ብቻ «ያላገባ» ብላችሁ አትሙሉ። ያላስመዘገባችሁትን ሚስትና ልጅ በኋላ ልውሰድ ስትሉ ያ ወረቀት ነው እንቅፋት የሚሆንባችሁ።

462 ይበቃል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለሁሉም ክፍት በሆኑት ዙሮች አይበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ500 በላይ ነበሩ። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ከክፍለ ሀገሮቻቸው አንዱ ሲመርጣችሁ የሚገኘው ነው፤ 600 ነጥብ በአንዴ ይጨመራል፣ ከዚያ በኋላ ጥያቄ የለም። እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የሚፈልገውን ሙያ እያወጣ ስለሚዘጋና ስለሚከፍት ገጻቸውን በየሳምንቱ ማየት ነው፣ ሌላ ዘዴ የለውም።

ሁለተኛው ፈረንሳይኛ ነው። ሳትስቁ አንብቡት። በአራቱም ክፍል ደረጃ 7 ፈረንሳይኛ ካመጣችሁ፣ እንግሊዝኛው ካለ፣ 50 ተጨማሪ ነጥብ ይሰጣል፣ ራሱ ቋንቋውም በዚያ ደረጃ 12 ያስቆጥራል። ጓደኛዬ 524 ይደርሳል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ግን ለፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ብቻ የሚወጡ ዙሮች አሉ፤ መቁረጫቸው ከ400 በታች የወረደበት ጊዜ አለ። ፈተናው ቴፍ ካናዳ ወይም ቴሴኤፍ ካናዳ ነው። ከዜሮ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ በየቀኑ ቢያጠኑ እንኳ ከአንድ ዓመት በላይ ነው፣ «በሦስት ወር» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት። አዲስ አበባ ያሉት አሊያንስ የሚባለው የፈረንሳይኛ ማስተማሪያ አላቸው፤ እኛ በኢንተርኔት ነው፣ መብራት ሲኖር። እኔ ከጀመርኩ ስምንተኛ ወር ላይ ነኝ። ቁጥሮቻቸውን ግን ማን እንደፈጠራቸው እንጃ፤ ዘጠናን ለማለት «አራት ሃያና አሥር» የሚል ሕዝብ!

ብር። ካናዳ የሥራ ውል ለሌለው ሰው ለመቋቋሚያ የሚሆን ገንዘብ እንዲያሳይ ትጠይቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ሰው 15,263 የካናዳ ዶላር ነበር፣ በቤተሰብ ብዛት ይጨምራል፣ በየዓመቱም ይከለሳል። ለማንም የሚከፈል አይደለም፣ የናንተው ነው፣ መኖሩን ነው የሚያዩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ በብር «ሞላልኝ» ያለ ሰው ሁሉ ግማሽ ላይ ቀረ። ስለዚህ ልክ ልኩን ሳይሆን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። የባንኩ ደብዳቤ የስድስት ወር አማካይ ቀሪ ሂሳብ ስለሚያሳይ ከአጎት ለአንድ ሳምንት ተበድሮ ማስገባት አይሠራም፣ ብድርም አይቆጠርም። ዕቁብ ከወጣላችሁ ቀደም ብላችሁ አስገቡትና ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ከዕቁቡ ሰብሳቢ ያዙ። ፈረንጁ ዕቁብ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ በሦስት መስመር አስረዱት።

ደላላውን ረሳሁት። ፕሮፋይል መክፈት ነጻ ነው። እንደገና ልበለው፣ ነጻ ነው። «ነጥብህን በሥራ ቅጥር ደብዳቤ እናሳድገዋለን» የሚላችሁ ካለ፣ ሁለተኛው በር ላይ ለሥራ ቅጥር ይሰጥ የነበረው ነጥብ እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 2025 ተሰርዟል፤ የሚሸጥላችሁ ነገር የለውም። የተጭበረበረ ወረቀት ከተገኘባችሁ አምስት ዓመት ትታገዳላችሁ፣ ስሙ የናንተ ነውና ደላላው አይታገድም። እርዳታ ካስፈለጋችሁ የካናዳ ፈቃድ ያለው አማካሪ ወይም ጠበቃ አለ፤ የአማካሪዎቹ ስም ዝርዝር ፈቃድ በሚሰጣቸው ተቆጣጣሪ አካል (ኮሌጅ ይሉታል) ድረ ገጽ ላይ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ራሳችሁ ፈልጉት። ቁጥሩን ስትጠይቁት የሚቆጣ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል።

ግብዣ ከደረሰ በኋላ ያለው ጊዜ 60 ቀን ብቻ ነው። የፖሊስ ማስረጃውም፣ የባንኩም፣ የልምዱም ደብዳቤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተሟልቶ መግባት አለበት። የልምድ ደብዳቤ በ60 ቀን ከየት ይመጣል? ቀድሞ ካልተያዘ አይመጣም።

ጓደኛዬ ሰኞ ጠዋት ከድርጅቱ በር ላይ ደወለልኝ። ረቂቁን በፍላሽ ይዞ ሄዷል፣ ዲፕሎማውንም አግኝቶታል፣ ጥጉን አይጥ በልታዋለች ግን ማህተሙ ይታያል። «እና ሰውየው ምን አለህ?» አልኩት።

«ዓመት ፈቃድ ላይ ነው። ሐሙስ ና ብለውኛል።»